ለኢንሹራንስ የተጻፈ የቅሬ ደብዳቤ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 11:00

ሁለቱን የኢንሹራንስ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቻለሁ። ሦስተኛ ቀኔ ነው። ርካሹን «ሀ» ብዬዋለሁ፣ ውዱን «ለ»። ሁለቱም ኤምባሲው የሚፈልገውን የሕክምና ወጪ ይሸፍናሉ። ሁለቱም ለዘጠና ቀን። ሞት ከመጣም ሁለቱም አስከሬን ይመልሳሉ። ልዩነቱ ገጽ አራት ላይ ነው፣ በደቃቅ ፊደል። «ሀ» ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም አይሸፍንም። «ለ» ያው ሕመም ድንገት ከተነሣ ይሸፍናል፣ ግን አስቀድሞ እንዲነገረው ይፈልጋል።

አባቴ ሕመም የለባቸውም። ስለዚህ «ሀ»። አለቀ፣ ደብተሬ።

ለመዝገብ ያህል፦ ተጓዡ አባ ናቸው። ይማም፣ በፓስፖርታቸው 68 ዓመት፣ የመርሳ ገበሬ። የሚሄዱት ጀርመን፣ ወንድሜ ሰይድ ዘንድ፣ ለሦስት ወር። ሰይድ ዘጠኝ ዓመት አልመጣም። መጀመሪያ ወረቀት አጥቶ፣ ቀጥሎ መንገድ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ ልጆች ወልዶ። አባ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያውቋቸው በስልክ ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ ረቡዕ ታኅሣሥ 1፣ አ.አ.። ኢንሹራንሱ ከዚያ በፊት እጃችን መግባት አለበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ምሳ ሰዓት

አባ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከመርሳ ወልድያ ገቡ። ሽርጥ፣ ኮት፣ አዲስ ኮፍያ። ለኢንሹራንስ ሳይሆን ለኒካ የመጡ ይመስላሉ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆመው በመስኮት ከተማውን አዩ። ወልድያ እንዴት ሰፋች አሉ። እኔ ለመውጣት ቸኩያለሁ፣ ከተማውን አላየሁም።

የኢንሹራንሷ ልጅ ጨዋ ናት፤ ቀስ ብላ ታነባለች። የልብ ሕመም? አባ፦ አልሐምዱሊላህ። ደም ግፊት? አልሐምዱሊላህ። ስኳር? አልሐምዱሊላህ። ስምንት ጥያቄ፣ ስምንት አልሐምዱሊላህ። ስምንቱም ላይ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሌላ ምን ታድርግ? ለማያውቁት ሰው ሕመም መዘርዘር አላህን መክሰስ ነው የሚመስላቸው የእኛ ሰዎች።

አልፈረምንም። ከ65 በላይ ለሆነ ሰው የጤና ማስረጃ ያስፈልጋል አለች። አባ አብሽሪ፣ ቀላል ነው አሏት። ወደ መ/ቤት ተመለስሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ያልተጻፈ ነገር የለም ብዬ ነው የምኖረው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 4:20

አባ ደወሉ። ማስረጃው ደርሷል አሉ። የትኛው ሆስፒታል ብዬ ጠየቅሁ። ቅሬው ነው የጻፈልኝ አሉ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ቅሬ እኮ የቀብር ማኅበር ነው! ሰው ሲሞት ይሰበሰባል፣ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ለቅሶ ቤቱን ያበላል። የጤና ማስረጃ ከሐኪም ነው አልኋቸው። አባ አልተበሳጩም። ሐኪም በዕድሜዬ ስንቴ አይቶኛል አሉ። ቅሬ አርባ ዓመት አይቶኛል። በመሬት ስንካሰስ ማን መሰከረልኝ? ሰይድ መታወቂያ ሲያወጣ ማን መሰከረ? ቅሬው።

እሺ አልኋቸው። ሄጄ እወስደዋለሁ፣ ከዚያ እውነተኛውን ሐኪም ቤት እናወጣለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት 10:00

መርሳ ደርሼ መጣሁ። ማሽላው ታጭዶ እርሻው ተራቁቷል። ደብዳቤው የታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው፣ ክብ ማኅተም ያለበት። አባ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አማርኛ አያነቡም፤ የተማሩት ቁርአን ቤት ነው። ስለ እኔ ምን እንዳሉ ታነቢልኛለሽ አሉ፣ እየኮሩ። ሚኒባሱ ሊወጣ ነው ብዬ ሮጥሁ።

ሲሪንቃን እንዳለፍን ከፈትሁት። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። አባላችን አቶ ይማም አርባ ዓመት ሙሉ ቀብር ቀርተው አያውቁም ነበር። ዘንድሮ ግን ከአምስት ቀብር በሦስቱ ስም ሲጠራ አልነበሩም። የመቃብሩን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ስለሚይዛቸውና ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ስለተቀመጡ፣ ሕመማቸው ታይቶ ከመቀጮ ነጻ ሆነዋል። ቃሬዛም እንዳይሸከሙ ተወስኗል። ከዚህ በቀር ጠባያቸው ምስጉን ነው።»

ሁለቴ አነበብሁት። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ መርዶ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኋት።

የኢንሹራንሱ ደረጃ ትዝ አለኝ። አባ ከተማውን አልነበረም የሚያዩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ተናድጃለሁ። ልብስ አጠብሁ፣ ንዴቱ አልለቀቀኝም። የሰፈሩ ቅሬ በሙሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ የምሄደው፣ ራት አብሬ የምበላው፣ ፓስፖርታቸውን ያወጣሁት።

ደግሞም ፈተናው፦ ደብዳቤውን ብቀደው ማንም አያውቅም። «የለም» ስምንቴ ተሞልቷል። «ሀ»ን ፈርመን አባ ይሄዳሉ፣ ልጃቸውን ያያሉ። ደረታቸው እዚያ ከያዛቸው ግን «ሀ» አላውቃችሁም ይላል፣ ሸክሙ ሰይድ ላይ ነው። ከፋም ለማም ሐኪም ሳያያቸው ነው አውሮፕላን የሚወጡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማለሁ። ተናጋሪው ሁሉ ደባቂ ነው።

አልቀደድሁትም። ወረቀት መቅደድ አልችልበትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መርሳ ልሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ። ተፈቀደ። መንገዱ ዝግ ነው ተባለ። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀም። ፋይል ሳስተካክል ዋልሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከሰዓት 12:00

መንገዱ ተከፈተ። መጀመሪያ አባ ጋ ሳይሆን ሸህ እንድሪስ ጋ ሄድሁ። የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ደብዳቤው ላይ የፈረሙት እሳቸው። አውድማ ላይ አገኘኋቸው። ለምን አልነገራችሁኝም አልሁ። ለምንስ የጤና ማስረጃ ተብሎ ሕመም ይጻፋል? ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ በሬ የሚነዱት ዞረው አዩን።

ሸህ እንድሪስ አልተቆጡም። ከገለባው ላይ እንድቀመጥ ምልክት ሰጡኝ።

«አውፍ በይን ዘሀራ፣ ይቅር በይን። አባትሽ እንዳንነግርሽ በቁርአን አስምለውናል። እንዳንጽፍ ግን አላስማሉንም። ጻፉልኝ ብለው ሲመጡ እኮ ቅሬው በሙሉ ነው ደስ ያለው።»

ለኢንሹራንሱ አልነበረም የጻፉት። ለእኔ ነበር። ይህን ስሰማ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አለቀስሁ ማለት አልወድም፤ ገለባው ዓይኔ ገባ።

ቀጥሎ አባ። ደብዳቤውን ድምፄን ሳላነሣ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስለ ጠባዬ ያሉት ደግ ነው አሉ። ከዚያ እውነቱን ተናገሩ፦ ሰይድ መታመሜን ከሰማ ይቅሩ ይላል፣ ልጥራ አልጥራ ሲል ጊዜው ያልፋል፣ እኔም ሳላየው እሞታለሁ። ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ ለኢንሹራንሷ ልጅም ከፈለግሽ ንገሪያት፣ ለሰይድ ግን እንዳትነግሪው፣ ማይልኝ አሉ።

ማልሁ። ወላሂ አልነግረውም አልሁ። ምን ላድርግ፣ እጃቸው እጄ ላይ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሐኪም፣ ወልድያ። ደረታቸው ላይ ገመድ ተለጠፈ፣ ማሽኑ ወረቀት ተፋ። ግፊት አለ። የልብ ደም ሥር ጠቧል። ሐኪሙ ዳገቱ ነው ያዳናችሁ አለ፣ ዳገት ባይኖር እስከ ዛሬ አታውቁም ነበር። መድኃኒት ጀመሩ፣ ሁለት ዓይነት፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር የሚደረግ። መሄድ ይችሉ እንደሆነ ማክሰኞ አይቶ ይጽፋል።

አባ ማሽኑን ወደዱት። ቅሬው ያለውን ነው የደገመው አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ምሳ ሰዓት

ሐኪሙ ጻፈ፦ መድኃኒታቸውን ከወሰዱ መጓዝ ይችላሉ። ከዚያው ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ። ደረጃውን በአንድ ጊዜ አልወጣንም። እየተቀመጥን፣ ሳናፍር።

ልጅቷ ቅጹን ካዲስ አወጣች። የልብ ሕመም? አባ ከልማድ፦ አልሐምዱሊላህ። ብዕሯ «የለም» ላይ ደርሶ ቆመ። እኔን አየችኝ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ፣ አባ ቀደሙኝ። እጃቸውን ኮታቸው ሥር አስገብተው፦

«እዚህ ጋ ነው ልጄ። ዳገት ላይ ይይዘኛል። አልሐምዱሊላህ።»

«አለ» ብላ ሞላች። እሳቸውን መውደድ እንዲህ አሞኝ አያውቅም፣ ደብተሬ።

«ሀ» ቀረ። «ለ» ይቀበላቸዋል፣ ግን በዚህ ዕድሜ፣ ከዚህ ሕመም ጋር፣ ለሠላሳ ቀን ብቻ። ሦስት ወር ብሎ ነገር የለም። አባ ትንሽ አሰቡ። ለሠርግም ለለቅሶም ከወር በላይ የተቀመጠ እንግዳ አይወደድም አሉና ጣታቸውን ቀለም ላይ ጫኑ። ልጅቷ ደብዳቤውን እንድታይ ሰጠኋት። አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋ አሳፈራት። ፋይሉ ውስጥ ልታስገባው ጠየቀች። ኮፒውን ሰጠኋት፣ ዋናውን ያዝሁ።

ባጃጅ ውስጥ አባ፦ ሰይድ ግን እንዳይሰማ፣ ምለሽልኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። 1:30፣ ከሥራ በፊት

የ«ለ»ን ውል ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ። ዋጋውንና ገጽ አራትን ብቻ ማየቴ ስሕተት ነበር። ገጽ ስድስት፦ በሽተኛው ሆስፒታል ከገባ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ ስልክ መደወል አለበት። የውል ቁጥር፣ የነበረው ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት ይነገራል። ካልተደወለ ክፍያ የለም።

ማን ይደውላል? አባ ደረታቸውን ይዘው? በየትኛው ቋንቋ? እዚያ ያለው ሰይድ ብቻ ነው። ለሰይድ ደግሞ አባቱ ጤነኛ ናቸው። ስለዚህ «ለ» ከ«ሀ» አይሻልም። ሰይድ ካላወቀ ሁለቱም ባዶ ወረቀት ናቸው።

ቢያውቅ ደግሞ ይቅሩ ሊል ይችላል። አባ እንደ ፈሩት። ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን የማፈርሰው እኔ እሆናለሁ። ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ እዚህ ይጻፍ።

ወላሂ ብያለሁ። አልነግረውም።

1:50

የቅሬውን ደብዳቤ መስኮቱ ሥር ዘርግቼ ፎቶ አነሣሁ። ማኅተሙ እንዲታይ አድርጌ። የሐኪሙን ወረቀት። ለመዝገቤ ያስቀረሁትን የመድኃኒቶቹን ፓኮ። ገጽ ስድስትን። አራቱንም ለሰይድ ላክሁ። ከሥሩ አንድ ቃል አልጻፍሁም፣ ሰላምታ እንኳ። ሸህ እንድሪስ አውፍ ይበሉኝ፣ ብልሃቱ የእሳቸው ነው።

አይቶታል።

መልስ የለም። እዚያ ገና አልነጋም። ለሥራ የሚነሣበት ሰዓት መሆን አለበት።

2:05

እየደወለ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። አልነግረውም ብዬ ነው የማልሁት። ከጠየቀኝ ግን የተጻፈውን አነብለታለሁ።