የፉል ገለባና የዶክተሩ ጠብታ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ኢንሺራህ፤

ዓባይ ከእናንተ ደጅ ወደ እኔ ቁልቁል ይወርዳል፤ የእኔ ሰላምታ ግን ሽቅብ ይውጣልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ? ከሁሉም በላይ አባባ እንዴት ሰነበቱ፣ ሆዳቸውስ? እኔ እዚህ ከኮሌጁ የቤተ ሙከራ አይጦች ጋር ደኅና ነኝ፤ ለአላህ ምስጋና ይግባው።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ባለቤትሽ ሻክር ገበያ ወጥቶ ለጨጓራ ቁስለት የሚሆን “የናኖ ጠብታ” እንደገዛ፣ አባባም እሱን ተማምነው ክኒናቸውን ካቆሙ አሥር ቀን እንደሆናቸው ጽፈሻል። ወዲያው ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ሻክር ነው። “አንተ የአይጥ ሞግዚት፣ ከዶክተሩ በላይ ልታውቅ ነው?” ብሎ ዘጋብኝ። አባባ ደም ያስታወኩ ዕለት በአህያ ጋሪ ጭነን ሐኪም ቤት ያደረስናቸው እኔና አንቺ ነን፤ ሻክር ያን ቀን ሠርግ ላይ ነበር። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እሱ ባለበት፣ ለአባባ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ጠርሙሱ ላይ ስሙ የተጻፈው ዶክተር ዋግዲ አለቃዬ ነው። ጠብታው የተወለደው እኔ ፊት ነው፤ የልደቱን ነገር ልንገርሽ።

ባለፈው ረመዳን ዶክተሩ ጭማቂው መንገድ ላይ በብርጭቆ የሚሸጠውን፣ ኢርቅሱስ የሚባለውን ጣፋጭ ሥር ጨምቆ፣ እነሱ ናኖ እንደሚሉት ዓይን እስከማያየው ድረስ አድቅቆ፣ “ይህ የጨጓራን ግድግዳ ይለብጣል” አለ። አይጦቹ በሦስት ሣጥን ተከፈሉ። አንዱ ውኃ ብቻ፣ አንዱ ተራውን ጭማቂ፣ ሦስተኛው የደቀቀውን እንዲጠጣ ሆነ። ሁሉም ከቀትር ጀምሮ እንዲጾሙ ታዘዘ፤ በማግስቱ ጧት በባዶ ሆዳቸው አልኮል ይጋታሉ። ባዶ ሆድ ካልሆነ አልኮሉ እንደሚገባ አያቆስልም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ዶክተሩም ያስተምረዋል።

የዚያን ቀን ተረኛ ዘበኛ ጋሽ ባዩሚ ነበሩ። ወንበራቸው ያለው ከሦስተኛው ሣጥን አጠገብ ነው። የማፍጠሪያው አዛን ሲሰማ እሳቸው ዳቧቸውን ቆርሰው፣ ከፉሉም ጠቅሰው፣ በሽቦው ቀዳዳ ለአይጦቹ አካፈሉ። ከንጋት በፊት ለሱሁርም እንደዚያው። በኋላ ስጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ አብሮኝ የጾመ ነፍስ እያየኝ ብቻዬን ላፍጥር? እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግድግዳ አይደለሁም” አሉኝ።

ጧት አልኮሉን ከተጋቱ በኋላ አይጦቹን የከፈትሁ እኔ ነኝ። የሁለቱ ሣጥኖች አይጦች ጨጓራ በቁስል የተዥጎረጎረ ነበር። የሦስተኛው ንጹሕ። ዶክተሩ እንደ ሙሽራ ፈነደቀ። እኔ ግን ከንጹሑ ጨጓራ ውስጥ አንድ ነገር በመቆንጠጫ አንሥቼ አሳየሁት፤ የፉል ገለባ ነው። አየውና “ይህ የመድኃኒቱ ዝቃጭ ነው” አለኝ። እትዬ፣ ዓይን አያየውም ያለው መድኃኒት የጥፍሬን ያህል ሆኖ መቆንጠጫዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

“ዶክተር፣ ጋሽ ባዩሚ አብልተዋቸዋል፤ ከዒድ በኋላ እንደገና ይሠራ” ብዬ ለመንሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ “ረጀብ፣ አንተ ሣጥን ጥረግ። ሳይንሱን ለባለቤቱ ተው” አለኝ። ገለባውን ግን ራሱ አንሥቶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ሰው ሲያስተምር ስሰማ፣ የሣጥኑ ሽታ ይሻለኛል። በሦስት ወር ውስጥ የሚስቱ ወንድም ጠርሙስ አሠርቶ መሸጥ ጀመረ።

ዕፅዋትን አድቅቆ ለጨጓራ ማዋል ከንቱ ሥራ ነው አልልሽም። በትዕግሥት የሚሠሩ፣ አልሆነም ሲሏቸውም የሚሰሙ ሰዎች አንድ ቀን ይደርሱበት ይሆናል። ዋግዲ ግን ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበላ አይጥ ካልበላ አይጥ እንደሚሻል። ይህን እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀው ነበር።

አሁን አባባ ይስሙኝ። ክኒንዎን ነገ ጧት ይጀምሩ፣ እንደ ድሮው ከቁርስ በፊት። ያቺን ጠርሙስ ከእንግዲህ አይንኳት፤ ኢርቅሱስ ሲበዛ የደም ግፊት ያነሣል፣ የእርስዎ ግፊት ደግሞ ቀስቃሽ አይፈልግም። ሰገራዎ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እትዬ፣ በይሉኝታ ዝም እንዳይሉሽ አንቺው ጠይቂያቸው።

ለመርዋና ለትንሹ ዚያድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስታችን ቱሕፋን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ሻክርንም ሰላም በይው፤ የአይጥ ሞግዚቱ አማትህን ክኒናቸውን ሲውጡ ቆመህ እንድታያቸው አደራ ብሎሃል በይው።

ጋሽ ባዩሚም ሰላም ብለዋችኋል። የጠርሙሱን ወሬ ስነግራቸው፣ “እንግዲያ አይጦቹን ያዳነው የእኔ ዳቦ ነው። ለአባትህ ንገራቸው፤ ክኒናቸውን ውጠው ሲያበቁ፣ ዳቦውን ከእኔ በነፃ” አሉ።

ወንድምሽ ረጀብ
ሚት ሰላማ፣ በሂጅራ ረጀብ ወር 14 ቀን 1446