ያልቀሰቀስኳት ሳይንቲስት

ለምወድሽ፣ ከእማማ ቀጥሎም ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ እታለም? ማይክሮስኮፕ ላይ ስታጎነብሺ መዋል ያመጣብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ? እኔ ከአንድ ጸጸት በቀር ደህና ነኝ።

በየሳምንቱ መጽሔቱ ላይ የማወጣው ልብ ወለድ ሊያልቅ ነው። ዘሩ ያንቺ ነው። ያኔ ቤተ ሙከራሽ ወስደሽኝ ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ መዳፌ ላይ ያስቀመጥሻት፣ በረዶ ሆና እንደ ድንጋይ የጠጠረች እንቁራሪት ትዝ ትልሻለች? ልቧ ቆሟል፣ ግን አልሞተችም ስትይኝ፣ ሂጂ እባክሽ ብዬ ሳቅሁብሽ። ከሰዓት በኋላ ዘላ ጠረጴዛ ስር ስትገባማ ጩኸቴ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ተሰማ! አንቺ አንዲት እንቁራሪት አሳየሽኝ፤ እኔ ሰው በበረዶ አስተኝቶ ከኮከብ ኮከብ የሚያደርስ የጠፈር መርከብ ፈጠርኩባት።

የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ሳይንቲስቷ፣ አንቺ ነሽ። እንዳንቺው የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች፤ ካልሲ ደርባ ትለብሳለች። መርከቡ ውስጥ በበረዶ ካስተኛኋት ዓመት ሊሆናት ነው፤ መቀስቀስ ግን አቃተኝ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። በእማማ ቀብር ቀን፣ እንቁራሪቶችሽ የሚነቁበት ሰዓት ሆኖ ስትዘገዪብኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት ልብሽ በረዶ ነው አልኩሽ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ስትሄጂ ዞር ብለሽም አላየሽኝ።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ የመጽሔቱ አዘጋጅ ስም የሌለው ደብዳቤ ሰጠኝ። ጸሐፊው ተሳስቷል ይላል፤ ሴሏ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ሴትዮዋ አትነቃም፤ በረዶው ከሴሉ ውጭ ይሁን፣ ውስጡን ስኳር ይጠብቀው። አዘጋጁ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነዝናዛ አንባቢ ነው ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የእጅ ጽሑፉን ሳይ አለቀስኩ። ፊደል ያስቆጠረኝ እጅ ይጠፋኛል እንዴ?

የመጨረሻውን ክፍል ሐሙስ አስረክባለሁ። ሳይንቲስቷ እንዴት እንደምትነቃ ልጠይቅሽ ብዬ ብዕር አነሳሁ፤ ለካ እንቁራሪቷን ያሳየሽኝ ቀን ነግረሽኛል። መጀመሪያ ልብ ይመታል፣ ከዚያ ትንፋሽ ይመጣል፤ እግር የመጨረሻ ነው። እንደዚያው እጽፈዋለሁ፤ አላቻኩላትም።

ወገብሽን ፈጣሪ ያጽናልኝ፤ እጅሽንም ይባርክልኝ። የእማማን ክፍል አጽድቼ አልጋውን አንጥፌዋለሁ፤ የበሩንም ቁልፍ አልቀየርኩም። እግርሽ ሲነቃ ብቅ በይ።

ስሕተቱን አርመሽ የማትጨርሺለት ታናሽ ወንድምሽ