ወንዝ መሀል የተሞሸሩት የገዥ ኤልናታን ፐርዲ የሕይወት ታሪክ

ክቡር አቶ ኤልናታን ፐርዲ ከአባታቸው ከአቶ ሕዝቅኤል ፐርዲ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚልካ ሃውዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1779 በታሞሴት ወንዝ ዳር፣ በኔተልተን ከተማ ተወለዱ። በተወለዱበት ሰዓት አባታቸው የገመድ ጀልባውን እየሳቡ መንገደኛ ያሻግሩ ስለነበር፣ ወንድ ልጅ ማግኘታቸውን የሰሙት ከዳር ቆመው በሚጮኹ ጎረቤቶች ነው። አባትየው በደስታ ባርኔጣቸውን ወንዝ ውስጥ ቢወረውሩም መንገደኞቹን ሳያደርሱ አልተመለሱም። ይህ ጠባይ ለልጃቸውም ተርፏል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ ወንዙ በበረዶ ሲዘጋ ብቻ በሚከፈተው የከተማው ትምህርት ቤት ማንበብ፣ መጻፍና ስሌት ተማሩ። አባታቸው በ1801 ሲያርፉ ጀልባውን ተረከቡ። ሰው ሁሉ ብሶቱን የሚነግራቸው ወንዝ መሀል ነበር፤ ጥለው የሚሄዱበት ስለሌላቸው ሰምተው ይጨርሳሉ። ከተማው በ1809 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አድርጎ የመረጣቸውም በዚሁ ነው። በ1816 ሁለት ጠበቆች ለምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትነት ተፎካክረው እኩል ድምፅ ቢያገኙ፣ አባላቱ ማንም የማይጠላውን ሰው ፈልገው ኤልናታን ላይ ወደቁ። እሳቸውም «እኔ? ምነው፣ ሰው ጠፋ እንዴ?» ብለው እየሳቁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

በ1817 የጸደይ ወራት የግዛታችን ገዥ በድንገት አረፉ። በሕገ መንግሥታችን መሠረት የገዥው ሥልጣን ወደ ሕግ መወሰኛው ፕሬዚዳንት ተላለፈ። ኤልናታን ጠዋት ጉባኤውን መርተው ያጸደቁትን ሕግ፣ ከሰዓት በኋላ ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ቢሮ ተቀምጠው ራሳቸው ይቀበሉት ጀመር። ምክር ቤቱም «ይህ ሰው ገዥ ነው ወይስ ገዥውን የሚተካ ፕሬዚዳንት?» እያለ መከራከር ያዘ። እኛ የእህታቸው ልጆች በዚያ ሰሞን «ክቡር ገዥ» ስንላቸው፣ «አንዱን ኮሚቴ ጠይቁና ተመለሱ» ይሉን ነበር።

ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ አንድ አስቸጋሪ አንቀጽ ነበረው። ገዥው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ከግዛቱ ወሰን ከወጣ፣ እስኪመለስ ድረስ ሥልጣኑ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ይተላለፋል። አፈ ጉባኤው አቶ አበኔር ተትል ነበሩ። አቶ አበኔር ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎቹና ቅርጫት ሠሪዎቹ የሚኖሩበትን የወንዝ ዳር መሬት ለአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ማኅበር የሚሰጥ ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች አሳልፈዋል። የቀረው የገዥ ፊርማ ብቻ ነው። ኤልናታን «እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም» አሉ። በሰኔ መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲበተን ያልተፈረመ ሕግ አብሮ ይሞታል። ገዥው ከወሰን ከወጡ ግን አቶ አበኔር ይፈርሙታል፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ኤልናታን የግዛቱ ወሰን የሆነውን ወንዝ መሻገር አይችሉም ማለት ነው።

ወንዙን አለመሻገር ለሌላ ሰው ቀላል ነበር። ለኤልናታን ግን እጮኛቸው ወይዘሪት ኬጡራ ሆስመር ያለችው ማዶ፣ በጎረቤት ግዛት ነው! ሠርጉ በሰኔ አጋማሽ ተቆርጧል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በጎርፍ፣ አንድ ጊዜ በጉባኤ ምክንያት ተራዝሟል። የኬጡራ አባት፣ በርሜል ሠሪው አቶ ኢዮአታም፣ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። በወንዙ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስማ አንተ! አሁንም ‹ቆዩኝ› ካልክ ልጄን እርሳት!» አሏቸው። በሆስመሮች ወግ ደግሞ ሙሽራው የአባቷን በር አንኳኩቶ ካልጠየቀ ልጅ አይወስድም። ኤልናታን ያን ሳምንት እህል አልቀመሱም። ቢሻገሩ የወንዝ ዳር ሰዎች ቤታቸውን ያጣሉ፣ ባይሻገሩ ኬጡራን ያጣሉ።

መላውን ያመጣችው ኬጡራ ናት።

«አባዬ፣ እሱ ወደ በሩ መምጣት ካልቻለ በሩ ወደ እሱ ይሂድ» አለች።

«በር ይሄዳል እንዴ? አበድሽ?»

«ማጠፊያው ላይ እኮ ነው ያለው፣ ይነቀላል። አንተ ከኋላው ትቀመጣለህ፣ እሱ ያንኳኳል፣ እኔ እወጣለሁ። ወጉ የት ጎደለ?»

አቶ ኢዮአታም ሲያስቡ ዋሉና መዶሻቸውን ይዘው ተነሡ።

የጀልባው ገመድ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሲሆን፣ የሁለቱ ግዛቶች ድንበር በሆነው መሀሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። በሠርጉ ዕለት ጀልባው ከጨርቁ ሥር መልሕቅ ጣለ። አረንጓዴው የሆስመሮች በር ከነመቃኑ ጀልባው ወገብ ላይ፣ ልክ ከጨርቁ ትይዩ ቆመ። ከበሩ ወዲህ የእኛ ግዛት፣ ከበሩ ወዲያ የእነሱ። በዳርና ዳር የበቆሎ ቂጣው፣ የተጠበሰው የቱርክ ዶሮና በጭስ የደረቀው ዓሣ ተደርድሯል፤ ቫዮሊኑ ከሁለቱም ወገን ይሰማል። አቶ አበኔርም በትንሽ ታንኳ መጥተው ከጎን ቆሙ። ሕጉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል፣ ብዕራቸውም በእጃቸው ነው።

«አበኔር፣ ሠርግ ላይ ብዕር ይዘህ ትመጣለህ?» አሏቸው ኤልናታን።

«አንተ በር ይዘህ መጥተህ የለ እንዴ!» አሏቸው።

ሁለቱም ዳር በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ኤልናታን በሩን አንኳኩ።

«ማነው?»

«ኤልናታን ፐርዲ ነኝ፣ አባቴ። ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

በሩ ተከፈተ። አቶ ኢዮአታም ዕድሜ ልካቸውን በራቸውን ያንኳኳ ሰው ውጭ አቁመው አያውቁም፤ ልማድ ሆኖባቸው «ግባ፣ ልጄ!» አሉ። ኤልናታንም በጨዋ ቤት ያደጉ ናቸውና፣ ግባ ሲባሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀኝ እግራቸውን አነሡ።

ወይ ጉድ! የወንዝ ዳር ሴቶች ጩኸት ከተማው ድረስ ተሰማ። አቶ አበኔር ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ኬጡራ ከአባቷ ጀርባ ዘልላ ወጥታ ሙሽራውን ደረቱ ላይ በሁለት እጇ ገፋችው። የግዛታችን ገዥ በመቀመጫቸው ዘጭ ብለው በገዛ አገራቸው ወደቁ። እሷም በሩን ተሻግራ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ቄሱም ሳቃቸው አላስጨርስ እያላቸው እዚያው በተቀመጡበት አጋቧቸው።

ነገር ግን አቶ አበኔር በዚያ ግርግር መሀል ፈርመው ነበር። «እግሩ ድንበር አልፏል፤ በዚያች ደቂቃ ገዥው እኔ ነበርኩ» አሉ። በማግስቱ ሁለቱ ምክር ቤቶች ተሰበሰቡ። አየር ላይ ያለ እግር ከግዛት ወጥቷል ይባላል ወይ? ጠበቆች ድምፃቸው እስኪዘጋ ከተከራከሩ በኋላ፣ ምክር ቤቶቹ እግር መሬት ወይም ወለል ካልረገጠ ሥልጣን አይተላለፍም ብለው ወሰኑ። እንግዲህ የቀረው ረግጧል አልረገጠም የሚለው ነው። የሠርገኛው ምስክርነት አይታመንም፤ ሁሉም ወገንተኛ ነው። ከታንኳ ሆኖ የጀልባውን ወለል በዓይኑ ትክክል ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አቶ አበኔር ራሳቸው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ቀረበላቸውና እጃቸውን ጫኑ። ኤልናታን በፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ ሆነው ቀኝ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሸሸጉት። በተመልካቾች ፎቅ ላይ የቆሙት ዓሣ አስጋሪዎችም ቆባቸውን በእጃቸው ጨምቀው ያዙ።

«አፈ ጉባኤ፣ የገዥው እግር ሲያርፍ አይተዋል?» አለ አንዱ ጠበቃ።

አቶ አበኔር የፈረሙበትን ሕግ ከኪሳቸው አውጥተው ከመጽሐፉ አጠገብ አኖሩት።

«አላረፈም» አሉ። «ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሚስቱ ገፋችው።» ከዚያም ሕጉን ለሁለት ቀደው ኪሳቸው ከተቱት።

ሕጉ በሰኔ መጨረሻ ከምክር ቤቱ ጋር አብሮ ሞተ። የወንዝ ዳር ሰዎች ዛሬም ቤታቸው አሉ፤ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ቦታ ፊት ለፊት የቆሙትም እነሱ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሬሳ ሳጥኑን የሠሩት እነሱ ናቸው።

በዚያው ዓመት መጸው አዲስ ገዥ ሲመረጥ ኤልናታን ወደ ጀልባቸው ተመለሱ። ከወይዘሮ ኬጡራ ጋር በፍቅርና በሳቅ ኖረው ኢዮአታምን፣ ዲናንና ሶስናን ወለዱ። በሩ ወደ ማዶ ቤቱ ተመልሶ ተገጠመ፤ ኤልናታንም ከዚያ ወዲህ ሲገቡ ሁልጊዜ በግራ እግራቸው ይጀምሩ ነበር። ከአቶ አበኔር ጋር ወዳጅነታቸው የጠነከረው ያኔ ነው። ጀልባው ከዳር በተነሣ ቁጥር አቶ አበኔር ከሱቃቸው ደጃፍ «ኤልናታን! ልትሻገር ነው? ብዕሬን ላምጣ?» ብለው ይጮኻሉ። ኤልናታንም «እስከ ጨርቁ ብቻ ነው፣ አትቸኩል!» ይላሉ። ይህን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ሲሉ ኖረዋል፤ እኛን ነው የሰለቸን።

ምክር ቤቱ ግን ኤልናታን በገዥዎች ስም ዝርዝር ይግቡ አይግቡ እስከ ዛሬ አልወሰነም። እኛ ቤተሰቦቻቸው «ገዥ» ብለን ጽፈናል። ቅር የሚለው ካለ ከቀብር በኋላ ያነጋግረን።

ወይዘሮ ኬጡራ በ1841 አርፈው ማዶ፣ በአባታቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ኤልናታን በዚህ ዓመት መስከረም ደረታቸውን ታመው፣ ልጆቻቸው ሲያስታምሟቸው ቆይተው፣ ጥቅምት 17 ቀን 1848 በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ልጃቸው ዲና «አባዬ፣ የት እንቅበርህ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «የገፋችኝ ሴት ጎን» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ከሦስቱ ልጆቻቸው ሌላ የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህትንና እኛን የእህት ልጆችን ትተው አልፈዋል።

ትናንት ከሰዓት አቶ አበኔር በከዘራ እየተደገፉ ለቅሶ መጡ። ሳጥኑ አጠገብ ብዙ ተቀመጡና፣ ገመዱን እሳቸው ራሳቸው ካልሳቡ እንደማይሆን ነገሩን። «ተሻገር፣ ኤልናታን» አሏቸው፣ ክዳኑን በእጃቸው እየዳሰሱ። «ዛሬ ብዕሬን ቤት ትቼዋለሁ።»

ስለዚህ ከጸሎቱ በኋላ ጀልባው ይነሣል። ቀይ ጨርቁ ሥር ለአፍታ ይቆምና፣ አቶ አበኔር ገመዱን ወደ ማዶ ይስቡታል። አረንጓዴው በር ተከፍቶ ይጠብቃል። ሁሉን የሚያሻግር አምላክ የአጎታችንን ነፍስ ተቀብሎ «ግባ፣ ልጄ» ይበልልን፤ በዚያ በር ላይ ማንም አይገፋቸውም። አሜን።