የልምምድ ቦታዋና የእኔ ማክሰኞ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ደህና ቀን። ጉልበቴ አላጉረመረመም፣ ልጄም አላጉረመረመችም። ሁለቱ ባንድ ቀን ዝም ሲሉ ብዙም አይገጥመኝም።

ከሰዓት በኋላ ዳማ ልጫወት ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ልጄ እንደ ወትሮዋ አሸነፍክ ወይ አለችኝ። ተበላሁ አልኳት። ሁልጊዜ እየተበላህ ምን ይወስድሃል? ለመበላትም ሰው ያስፈልጋል አልኳት።

ዳማ አይደለም። እዚህ ላይ ብጽፈው ማን ያነበዋል... ጤና ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ክፍል ነው የምሄደው። የአረጋውያን ምክክር ይሉታል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሐኪሙ ላከኝ። አንድ ቀን ገብቼ ስቄባቸው ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ይኸው ስንት ወራት አለፈ፣ አልወጣሁም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንበር በክብ አድርገን እናወራለን። መሪያችን የሳይኮሎጂ ባለሙያ ናት፤ ስም አውጥቼላታለሁ፣ ወይዘሮ ዝምታ። አንድ ነገር ትጠይቅና ዝም። ያ ዝምታ እኮ ሰውን ያስለፈልፋል። እኔን እንኳ!

ቤት ለምን አልነገርኩም? አርባ ሰው ጭኜ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰውዬ፣ የሆዴን ለማውራት ቀጠሮ ያዝኩ ልበል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ በሽተኛ ሆንኩ። ግማሽ ዶክተር ናት ያደረገችኝ፣ የልጅ ልጄ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ የቀራት የተግባር ልምምድ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በባለሙያ ሥር፣ ከእውነተኛ ታካሚ ጋር። ያለ እሱ ምረቃ የለም። ነገ የአእምሮ ሆስፒታሉ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷታል፤ ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ወንበር ፊት ለፊት አድርጋ ትለማመድብኝ ጀመር።

እርስዎ እያለች! ምን አመጣዎት አለችኝ። ድምፅ እሰማለሁ አልኩ። ምን ይላል ድምፁ? ካልሲህን ከሶፋው ላይ አንሳ ይላል። ልጄ ከኩሽና ሳቋን ለቀቀችው። ግማሽ ዶክተር ግን ፍንክች የለም፤ ድምፁ ሲመጣ ምን ይሰማዎታል ትለኛለች፣ ረጋ ብላ። ጎበዝ ናት። ይህችን የማይወስድ ሆስፒታል ራሱ መታከም አለበት።

በኋላ፣ "አባባ፣ ታካሚ እኮ እንዲህ አይደለም" አለችኝ።

ታካሚ እንዴት እንደሆነማ... ካልሲዬን ከሶፋው ላይ አነሣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሆስፒታሉ ሁለት ተማሪ ብቻ ነው የሚወስደው። ሁለቱንም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ማረሚያ ቤቱም ሞልቷል፣ የትምህርት ቤቶቹም። ከክፍል ጓደኞቿ ያልተመደቡት ጥቂቶች ናቸው። ዘንድሮ ቦታ ካላገኘች ዓመቱ ሄደ ማለት ነው።

ራት አልበላችም። በሩን አንኳኩቼ፣ ምን አመጣዎት አልኳት። አልሳቀችም። ሲያቅተኝ፣ እኔ በሕይወቴ ስንት ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ የሚቀጥለው አውቶቡስ ከኋላዬ እየመጣ አልኳት። ይህን ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለች።

የሚቀጥለው ይመጣል። አልተጠራጠርኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

መጣ! ግን በማን ላይ...

እየሮጠች ገባች። አባባ ተመደብኩ! የት? እዚሁ፣ ጤና ጣቢያው። የአረጋውያን አገልግሎት፣ ሁለተኛ ፎቅ። አንተ ያሠለጠንከኝ ሥራ እኮ ነው አለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። ኅዳር መጀመሪያ ትገባለች። የማክሰኞውን ቡድን ረዳት ሆና ልትመራ። አለቃዋ ብዙ የማትናገር ሴት ናት ይባላል...

ይባላል? እኔ ልንገርሽ?

ራት ላይ ባሰ። እያጎረሰችኝ ስታጫውተን፣ ቤተሰቡ የሚታከምበት ቦታ ተማሪ አይመደብም አለች፤ አንዱ ልጅ አምና አክስቱን መጠበቂያው ክፍል አግኝቶ ከዚያው ከሥራው ተነሥቷል፤ በዓመቱ መሐል ሌላ ቦታ ከየት ይምጣ? መምህሯ ስለዚህ ጠየቃት። "ማንም የለኝም አልኩት" አለች፣ በኩራት።

ጉርሻው ትን አለኝ። ልጄ ውኃ አቀበለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዘዴ አገኘሁ። ቀላል ነው። እወጣለሁ። ማክሰኞ ሄጄ ደህና ሁኑ እላለሁ፣ አለቀ። ማን ያውቃል? ሹፌር ወደፊት ብቻ አይደለም የሚነዳው፣ የኋላ ማርሽም አለው።

ቀኑን ሙሉ እያፏጨሁ ዋልኩ። ልጄ ምን አግኝተህ ነው አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሁሉም ከወጡ በኋላ ወይዘሮ ዝምታን ያዝኳት። ከእንግዲህ አልመጣም አልኳት። ዝም። ጤናዬ ተመለሰ አልኩ። ዝም። ጉልበቴ ደረጃውን... ዝም። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አዲሷ ተለማማጅ የልጅ ልጄ ናት፣ እኔ ደግሞ ቤት ዳማ ተጫዋች ነኝ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቢወጡስ አለችኝ፣ ዳኛው ስለ እርስዎ ማውራቱን ይተዋል? ጡረታ የወጣው ዳኛ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው፤ የእኔን ቀልድ ለቡድኑ ሲደግም ነው የሚኖረው፣ ያውም አበላሽቶ። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ታውቅብኛለች ማለቷ ነው። ያኔ ገብታ ጀምራለች... ያኔ ቦታ የለም።

እንግዲያው አንቺ ንገሪያትና ገላግዪኝ አልኳት።

"አልችልም። እዚህ መምጣትዎን ለማንም መናገር ተከልክያለሁ፤ ለእሷም። የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

የምታወራው ነገር ስታገኝ ደግሞ ተከልክላለች። ስቄ ደረጃውን ወረድኩ። ከታች ስደርስ ሳቁ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ነገርኳት።

እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ እያደረቅኩ። ሳህኑን እያየሁ ነው የተናገርኩት፣ ፊቷን አላየሁም። ዳማ የለም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የምሄደው እዚያ ነው፣ እማማ ካረፈች ወዲህ ነው አልኩ። ቧንቧውን ዘጋችው።

አሁን ስለ ቦታዋ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ነበር አለችኝ። አዎ። እኛ ከጎንህ ተኝተን? አዎ። እጇ እርጥብ እንደሆነ ክንዴን ያዘችኝ።

ቆይታ፣ ለመምህሯ ነገውኑ መናገር እንዳለባት ነገረችኝ። ቆይ አልኳት፣ አትቸኩዪ፣ እኔ እወጣለሁ፣ ዳኛውንም አፉን አስይዘዋለሁ...

"አባባ፣ አንተን አስወጥቼ ነው ሰው መርዳት የምማረው?"

ያደረቅኩትን ሳህን እንደገና አደረቅኩት። 

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሄዳ ነገረችው። መምህሩ አመስግኗታል፣ ምደባዋንም አግዶታል። ከአለቃዋ ጋር ሳይነጋገር ምንም አይልም።

ልጄም ሰማች። ኩሽና ውስጥ ተንጎራደደች። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ዳማ! ስትበላ እኮ አዝንልህ ነበር፣ አባዬ።" ተቆጣች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ቀጥላ መሐረብ ፈለገች። በየትኛው ልያዛት?

ግማሽ ዶክተር ግን ትሠለጥናለች። እውነቱን ተናግራ ቦታ ያጣች እንደሆነ፣ እኔ ራሴ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፣ እስኪመልሷት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጠዋት መምህሩ ደወለላት። እኔ ጋዜጣ ገልብጬ ይዤ አዳምጣለሁ። እሺ... እሺ... አመሰግናለሁ... ስልኩን አስቀመጠችና አልተናገረችም። ይህቺም ዝምታ ጀመረች እንዴ?

ራሷ ቀድማ ስለተናገረች እዚያው ጤና ጣቢያ ተፈቀደላት። ከእኔ ቡድን አትገባም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ፎቁንም አትረግጥም። ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየሄደች ታነጋግራለች። ቡድን መምራትን ሌላ ጤና ጣቢያ ነው የምትማረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ። ቅዳሜዋ ሄደባት። ደስ ብሎኛል አለች፤ ፊቷም እንደዚያው ይላል።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ውስጥ የልጅ ልጄ ሐኪም ሆነች ብዬ አወጅኩ። ወይዘሮ ዝምታ ጣሪያውን አየች። ዳኛው፣ አንተን ታክምልን አለ። አልተፈቀደላትም አልኩት፤ እኔ ለተለማማጅ የምሰጥ ጉዳይ አይደለሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ምሳ በላሁና ወደ ምክክሬ ልሄድ ነው ብዬ ወጣሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ልጄ ኮቴን አስተካከለችልኝ።

ወደ ማታ ግማሽ ዶክተር ከሥራ ገባች። ጫማዋ አቧራ፣ ደከም ብላለች። የጎበኘቻቸው አሮጊት በሩን ሳይከፍቱ በቀዳዳው ነው ያነጋገሯት፣ ነገም ነይ አሏት። በተዘጋ በር ቀጠሮ አስያዘች! ስለ ሴትዮዋ ከዚህ በላይ አልነገረችንም፤ ተከልክያለሁ አለች። እኔም ልፈትናት፣ ዛሬ እኛ ቡድን ውስጥ ጉድ ተፈጥሯል፣ ጠይቂኝ አልኳት።

አልጠይቅም አለች። ትንሽ ጠይቂኝ። እንቢ።

ጫማዋን አወለቀችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"እዚያ የምታወራውን አልፈልግም፣ ያንተ ነው። ግን ስለ እማማ እዚህ ቤት አውርተህ አታውቅም። ስሟን ስናነሣ ትቀልዳለህ። እኛም እኮ ሞታብናለች፣ አባባ።"

ቀልድ ፈለግኩ። ምላሴ ጫፍ ላይ አንድ አልጠፋም... ተውኩት።

ነገርኳት። እንዴት በእኔ አውቶቡስ ትሳፈር እንደነበር፤ ቤቷ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሆኖ ሳለ እስከ መጨረሻው ሄዳ ከእኔው ጋር ትመለስ እንደነበር። እኔን ለማየት መሆኑን ያወቅኩት ትኬት ቆራጩ ሲስቅብኝ ነው። ድምፄ አንድ ሁለቴ ተሰበረ። አላስቆመችኝም፣ እርስዎም አላለችኝም።

ልጄ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ መጣች። እማዬ ለእኔ የነገረችኝ እንደዚህ አይደለም አለች፤ ከዚያ በፊት ነው የሚጀምረው፣ አንተ ሳታያት።

ሳላያት? እኔ የማላውቀው አለ?

ወንበሬን ወደ እሷ አዞርኩት።