በትንበያ ሁለት፣ በምዝገባ ባዶ የሆነችው ሸሪፋ ሞላልኝ

ለክቡር የምርጫ ትንበያና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ገና ያልሰጠነውን ድምፅ ቆጥሮ የጨረሰውን የኮምፒውተርዎን ሰላም እጠይቃለሁ። ዕድሜዬን በቅኔ ቤት የፈጀሁ፣ ከቅኔ በቀር እምብዛም የማላውቅ የቧንቧ ውሃ ሠፈር ሽማግሌ ስለሆንሁ፣ ይህን በአደባባይ መጻፌን እንደ ምስጋና ይቀበሉልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

፩ኛ፤ በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ስለ ትንበያው ነው። በአምባገነኑ ዘመን ውጤቱ ከምርጫው በፊት ሲታወቅ እንፈራ ነበር፤ ዛሬ ግን በባለ ቀለም ካርታ ስለሚታይ እናጨበጭባለን። በኮምቦልቻው አዳራሽ እንዳብራሩልን፣ መሥሪያ ቤትዎ ማን ማንን እንደሚመርጥ የለየው ነዋሪውን ጠይቆ ሳይሆን ስሙን አይቶ ነው። የሙስሊም ስም ያለው ለአንዱ ፓርቲ፣ የክርስቲያን ስም ያለው ለሌላው ይቆጠራል፤ የራሱና የአባቱ ስም በሃይማኖት የተለያየ እንደሆነ ደግሞ ለሁለቱም። ይህን ዘዴ ያሰበው ሊቅ ወሎን በካርታ እንጂ በእግሩ እንዳልረገጣት ለመተንበይ እኔም ኮምፒውተር አላስፈለገኝም።

፪ኛ፤ ጎረቤቴ ሸሪፋ ሞላልኝ ናት። አባቷ አቶ ሞላልኝ የደብራችን ምእመን፣ እናቷ ወይዘሮ ዊዳድ የቢስቲማ ተወላጅ ሙስሊም ነበሩ፤ እርሷም በእናቷ ሃይማኖት አድጋ፣ በአባቷ ስም እየተጠራች፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ልጆቿን አሳድጋለች። መታወቂያዋ በጦርነቱ ጊዜ ከቤቷ ጋር ስለተቃጠለ፣ ለመራጭነት ልትመዘገብ ስትመጣ ጸሐፊዎ ስሟ ከአባቷ ስም ጋር አይስማማምና ዜግነቷ ያጠራጥራል ብሎ መለሳት። እንግዲህ ይህች ሴት በትንበያዎ ሁለት ሰው ናት፤ በምዝገባዎ ግን አንድም አይደለችም። «ወላሂ የኔታ፣ መርጣለች ተብያለሁ አሉ፤ ማንን እንደመረጥኩ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» ብላ ጠይቃኛለችና፣ ጥያቄዋን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

፫ኛ፤ ምስክር አምጡ በተባልን ጊዜ እኔና የቅሬያችን ዳኛ ሸህ እንድሪስ አብረን ቀረብን። ክቡርነትዎ ለአገሩ አዲስ ስለሆኑ ላስረዳዎ፤ ቅሬ ማለት የሠፈሩ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድነት ሙታኑን የሚቀብርበት ማኅበር ነው። የአባቷን አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የእናቷን ጀናዛ ወደ ሙስሊሙ መካነ መቃብር ያደረስን ሰዎች ስለሆንን፣ የማን ልጅ እንደሆነች ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ በሕይወት የለም። ጸሐፊዎ ግን ምስክሮቹ ከአንድ ወገን አይደሉምና አይታመኑም ሲል ወሰነ። ሸህ እንድሪስ ደረጃውን እየወረዱ፣ «መሪጌታ፣ ወይ እርስዎ ይስለሙ፣ ወይ እኔ ልጠመቅ፤ ለልጅቷ ሌላ መላ የለም» አሉ፤ እርሳቸው ሳቁ፣ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ዜግነት ከወላጆቿ የወረሰችው መብቷ ነው፤ ጸሐፊ ሲደሰት የሚመጸውታት፣ ሲከፋው የሚነሣት ነገር አይደለም። አገር እንደገና እየገነባን ነው እያላችሁ በየአዳራሹ ስታስተምሩን፣ ባለ አገሯ በርዎ ላይ ቆማ ነበር።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ስለዚህ ቅሬያችን ተሰብስቦ፣ ሸሪፋ ሳትመዘገብ ከአባላቱ ማንም እንዳይመዘገብ ተስማምቷል። ሐሙስ ጠዋት እርሷን ከፊት አስቀድመን ከበርዎ እንሰለፋለን፤ ከመለሷት ሁላችንም አብረን እንመለሳለን። እንዲያ ቢሆን በውቡ ካርታዎ ላይ የቧንቧ ውሃን ቀለም ፍቀው ባዶውን ይተዉት ዘንድ፣ ሠዓሊዎ እንዳይቸገር በማሰብ ከወዲሁ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከወንበርዎ ተነሥተው እስኪያናግሩን ድረስ በአክብሮት ቆሜ የምጠብቅዎ፣
የተተነበይሁ ግን ያልተመዘገብሁ አገልጋይዎ
መሪጌታ ወንድምአገኘሁ ብሩ
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሠፈራችን ቤት ተከራይተው እንደገቡ የቅሬያችን አባል ለመሆን ያቀረቡት ጥያቄ ባለፈው እሑድ ተቀባይነት አግኝቷል። ስምዎ ከአባትዎ ስም ጋር ይስማማ እንደሆነ የመረመረ የለም፤ ምስክርም አልጠየቅንዎትም። በሚሞቱ ጊዜ በክብር እንቀብርዎታለን፤ ቀኑን ግን አልተነበይንም።