ሳጥኔ ውስጥ የደበቅሁት የስኳር መለኪያ

ለታናሽ እህቴ ለሩፋይዳ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ወገብሽስ? ብርድ በገባ ቁጥር ይይዝሽ የነበረው ሳል እዚያም ተከተለሽ ወይስ እዚሁ ቀረ? ሙባሪክ ሥራው እንዴት ይዞታል? ትንሿ ሀያት ጥርስ አበቀለች ብለሽን ነበር፤ አሁንማ መናከስ ጀምራ ይሆናል። ከእናንተ ዘንድ ለአረፋ የመጣው ሀቢቡ የዴንቨር በረዶ እስከ ጉልበት ይደርሳል ብሎ ሲነግረን እማ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኛን ከጠየቅሽን አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም በእግራችን ቆመን እንሄዳለን። ዘንድሮ በርበሬው አምሮበታል፤ ባለቤቴ ሰይዶ ከቆሼ ከተማ እየጫነ ሲመላለስ ቤት የሚውልበት ቀን የለም። ለአረፋ ቡታጅራ በአዲስ አበባ ሰው ተጥለቅልቃ ነበር፤ አሁን ሁሉም ወደየመጣበት ተመልሶ መንገዱ ለባጃጆቹ ቀርቷል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው የምታወራሽ። እኔ የምነግርሽን ነገር ደግሞ እሷ ፊት ልናገረው አልችልም። ሀቢቡ የፊታችን ማክሰኞ ስለሚመለስ በእጁ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እህቴ፣ እኔ በአንቺ እቀናለሁ። ይህን ጽፌ ብዕሩን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጬው ነበር። አሁን ግን ልቀጥል።

ዲቪውን የሞላነው አንድ ቀን ነው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ፎቶ ልንነሣ ስንል የአንቺ ሻርፕ ደብዛዛ ነው ብሎ ፎቶ አንሺው ሲመልስሽ የራሴን አውልቄ አዋስኩሽ፣ እኔ በአንቺው ደብዛዛ ተነሣሁ። የአንቺ ወጣ፣ የእኔ ቀረ። ያኔ እልል ብዬ ሸኘሁሽ፤ እልልታዬም የውሸት አልነበረም። ቅናቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ። ልብስሽን ማሽን ውስጥ ከትተሽ ወደ ሥራ እንደምትሄጂ፣ ስትመለሺ ታጥቦ እንደሚጠብቅሽ የነገርሽን ቀን እኔ የእማን ጋቢ ወንዝ ወርጄ ሳጥብ ውዬ ገና መመለሴ ነበር። እማ ስልኩ ላይ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እጄ ግን ከሳሙናው የተነሣ ጣቱ አልታጠፍ ብሎ ነበር።

ጎረቤታችንን መምህር አምሀን ታስታውሺዋለሽ፣ የአሰገደችን ባል፣ ሳይንስ የሚያስተምረውን። እሱ ደግሞ ስለ አሜሪካ ከጀመረ አያቆምም። አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፎ፣ «ሰልሚያ፣ የልብስ ማጠቢያውም፣ አውሮፕላኑም፣ ኢንተርኔቱም፣ ይሄ ኪስሽ ውስጥ ያለው ስልክም እዚያው ነው የተወለደው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «የቀሚስሽ ዚፕ እንኳ የእነሱ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቤት ገብቼ ዚፔን አየሁት። አገሩ ራቅ ብሎ መቀመጡ አንሶት ጀርባዬ ላይ ተሰፍቷል ብዬ ተናደድሁ። ሰው በዚፕ ይናደዳል? እኔ ተናደድሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ኑሯችን ቀሎልናል። አክስታችን ጅዳ በነበረችበት ጊዜ ድምጿን ለመስማት ቴሌ ቢሮ ሄደን ግማሽ ቀን ወረፋ እንጠብቅ ነበር፤ አሁን እማ እንሰቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ የሀያትን ለቅሶ ትሰማለች። ይህን አልክድም። ግን ስልኩ ያመጣብኝ ሌላ ነገር አለ። አንቺ ስትደውዪ እማ ሻርፗን ታስተካክላለች። እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ስመላለስ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ነው የሚውለው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዛሬ ሁለት ዓመት የላክሽላት የስኳር መለኪያ ይህን ቤት ቀይሮታል። ድሮ በየወሩ ምግብ ሳትቀምስ ጤና ጣቢያ ወስጄ አሰልፋት ነበር፤ ወረፋው ሳይደርሳት የምትዝልበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጣቷን በመርፌዋ ነካ አድርጌ ጠብታዋን ቀጭኗ ወረቀት ላይ ሳሳርፍ ቁጥሩ እዚያው ይወጣል። በቁጥሩ መሠረት ምግቧን አበዛለሁ ወይ እቀንሳለሁ፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እሌኒም የጻፍሁትን አይታ ክኒኑን ታስተካክላለች። መምህር አምሀ የመሣሪያውን ታሪክ አጫውቶኛል። መጀመሪያ ሐኪሞች ዘንድ ብቻ የሚቀመጥ ከባድ ዕቃ ነበር አሉ። ራሱ ስኳር ያለበት አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለበሽተኛ አይሸጥም ቢሉት፣ ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በእሷ ስም አስገዝቶ ቤቱ ውስጥ ደሙን ይለካ ጀመር። እያነሰ እያነሰ መዳፍ ውስጥ የገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ስሰማ ምን እንዳሰብሁ ልንገርሽ? በሰውየው አይደለም የቀናሁት፤ በሚስቱ ነው። ስሟ ዕቃው ላይ አለ።

እዚህ ጣት የምወጋው እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። መሣሪያው ግን «የሩፋይዳ» ነው የሚባለው። «የሩፋይዳን አምጪልኝ» ትላለች እማ፣ እኔም አመጣለሁ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከመስቃን ገጠር ዘመዶቻችን እማን ሊጠይቁ መጡ። እኔ እጅ እያስታጠብሁ ነበር። እማ መሣሪያውን ከትራሷ ሥር አውጥታ በየተራ አስያዘቻቸው። «ልጄ አሜሪካ ሆና ደሜን ትጠብቃለች፤ እሷ ባትኖር ይሄኔ አፈር በልቶኝ ነበር» አለቻቸው። ሴቶቹ መረቁሽ። ከመካከላቸው ኡሚ የምትባለዋ አሮጊት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ይቺኛዋስ ታግዝሻለች?» ብላ ጠየቀቻት። እማ ምን አለች መሰለሽ? «ሰልሚያማ እዚሁ ናት» አለች። በቃ። ክፋት የለበትም፣ አውቃለሁ። ውኃውን የማን እጅ ላይ ሳፈስ እንደነበር ግን አላስታውስም።

በማግሥቱ ባትሪው አልቋል አልኋት። አላለቀም። መሣሪያውን የሠርግ ቀሚሴን የማኖርበት ሳጥን ውስጥ፣ ቀሚሱ ሥር ቀበርሁት። ለአንድ ሁለት ቀን ነበር ሐሳቤ። የአንቺ ስም ሳይነሣ ሁለት ቀን ይለፍ ብዬ ነው። ሰይዶ ባትሪውን አዲስ አበባ ላስፈልገው ሲለኝ ለሰው ነግሬአለሁ ብዬ ዋሸሁት። እማም ለአንቺ በስልክ ነገረችሽ፤ አንቺም ወዲያው፣ «አታስቢ እማ፣ አዲስ ገዝቼ በሰው እልክልሻለሁ» አልሻት። እኔ ሦስት ቀን የተጨነቅሁበትን ውሸት አንቺ በአንድ ቃል በለጥሽው። እማ ስልኩን ሳመችው። ሁለቱ ቀን ሦስት ሳምንት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ረመዳን ገባ። ሲስተር እሌኒ አትጹሚ ብላት ነበር፤ እማ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አላጎደልሁም ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻ የተስማሙት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንድትለካና ቁጥሩ ከሰባ ከወረደ እንድታፈጥር ነው። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ለሲስተሯ አልነገርኋትም። እማም መጾሙን እንዳትከለከል ፈርታ ዝም አለች። ሁለታችንም በየራሳችን ምክንያት ዝም አልን።

በዘጠነኛው ቀን፣ የአስር ሶላት ሰግጄ ስነሣ፣ እማ ከጓሮ አልተመለሰችም ነበር። ዝናብ ያካፋል። ጎመን ልትቀጥፍ ወጥታ እንሰት ሥር ጭቃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ብርዱ እንደዚያ ሆኖ ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። «እማ» ስላት ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግ አለችና፣ «ሩፋይዳ፣ መጣሽ?» አለችኝ።

ሩፋይዳ፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። እናቴ ፊቴ እየሞተች ሳለ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ቀናሁ። እግሬን ያቆመው ድንጋጤ አልነበረም።

ከዚያ ሮጥሁ። ሳጥኑን ከፍቼ የሠርግ ቀሚሴን መሬት ላይ ወረወርሁት። ተመልሼ ጣቷን ወጋሁ፤ ሠላሳ ስምንት አለ። ስኳር በውኃ በጥብጬ ከንፈሯን ገልጬ በጣቴ ድዷ ላይ ቀባሁላት፣ መዋጥ ስትጀምር በማንኪያ አስከተልሁ። እያለቀስሁ «አለሁ፣ አለሁ» እላት ነበር፤ በማን ስም እንደምናገር አላውቅም። ሰይዶ እንዳጋጣሚ ከቆሼ ተመልሶ ነበርና ባጃጅ አምጥቶ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ግሉኮስ ሰቀሉላት። የማፍጠሪያው አዛን ሲል ዓይኗ ጠርቶ በየስማችን ትጠራን ጀመር። ሲስተር እሌኒ ወደ እኔ ዞራ፣ «አትለኳትም ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን ነው የሠራው» አልሁ። እማ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች።

ቤት ስንገባ መሣሪያውን ከእጄ ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል» አለች። ከሠርግ ሳጥኔ በቀር እዚህ ቤት ናፍታሊን የሚቀመጥበት ቦታ እንደሌለ እሷ ታውቃለች፤ ሳጥኑን የገዛችልኝ እሷ ናት። እስከ ዛሬ ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። የቀረውን ረመዳን አልጾመችም። በየቀኑ እጇን ትዘረጋልኛለች፣ እኔ እለካታለሁ፣ ቁጥሩን ታየዋለች፣ እንለያያለን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሰይዶ ነገርሁት። እሱም፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ከዕቃ ጋር ነው የምትጣዪው?» አለኝ። ከዚያ የእሱንም ነገረኝ። ወንድሙ ከደቡብ አፍሪካ የላከለትን ሰዓት አንድ ቀን እንኳ አስሮት አያውቅም፤ ጠፋብኝ ያለው ውሸቱን ነው። እንደዚህ ተያይተን ሳቅን፣ ግን ሳቁ ሆድ አልሞላም።

ይኸው አሁን ሀቢቡ አዲሱን መለኪያ ይዞ መጣ። ባልተበላሸ ዕቃ ምክንያት ከደመወዝሽ ቀንሰሽ የገዛሽው ነው። ሀያት ለእማ ብላ የሳመችው የራሷ ፎቶም አብሮት አለ። ሳየው ተቃጠልሁ። እማ «ያኛው ይበቃኛል፣ ይሄን ለሚያስፈልገው ስጪ» አለችኝ፤ ለምን እንደዚያ እንዳለች አልጠየቅኋትም። አሰገደች ስኳሯ ከእማ የባሰ ነው፤ በየጊዜው ጤና ጣቢያ ስትመላለስ እግሯ ቆስሎባታል። ለእሷ ወስጄ ሰጠኋት፣ አጠቃቀሙንም አስተማርኋት። መምህር አምሀ ያ ሁሉ ንግግር ያለው ሰው በሚስቱ ጣት ላይ ያለችውን ጠብታ አይቶ ዓይኑን በእጁ ጠረገ። አሰገደች በማግሥቱ ሰፈሩን ዞራ፣ «ሰልሚያ መለኪያ ሰጠችኝ፣ ሰልሚያ ናት ያዳነችኝ» አለች። የሰፈሩ ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ መረቁኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አላረምኋቸውም። እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግርሽ አልችልም። በሦስተኛው ቀን አሰገደች ቤት ሄጄ የእህቴ ነው አልኋት። እሷም፣ «ቢሆንስ፣ እህትሽ ጣቴን ይዛ አላስተማረችኝም» አለችኝ። እኔ ግን ለአንቺ ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም።

ይቅር በዪኝ። ለእማ እንድትነግሪልኝ አልፈልግም፤ ታውቃለች። ቅናቱ ጠፍቷል ብዬም አልዋሽሽም፤ ማጠቢያ ማሽንሽን ባሰብሁ ቁጥር ክንዴ ያመኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከእንግዲህ ዕቃ አትላኪ። ሲመችሽ ለአንድ ወር ነይና እዚህ አብረሽኝ ኑሪ። እማ በሾርባው ትቆጣሽ፣ በጋቢው ትቆጣሽ፣ ሻርፗን ሳታስተካክል ታውራሽ። እኔ ያን አንድ ወር መስቃን ገጠር ወርጄ ለእናንተ በስልክ እደውላለሁ።

ለሙባሪክ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በመልኩ ሳይሆን በሳቁ ነው የማስታውሰው። ሀያትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሰይዶ ሰላም ብሎሻል፤ የመጀመሪያውን በርበሬ በሀቢቡ ልኮልሻል፣ ሻንጣው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ልጄ ሙንታሲር አንደኛ ወጥቶ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል፤ አክስቴ እንድታውቅ ጻፊ ብሎ ቆሞብኛል። መምህር አምሀና አሰገደችም ሰላም ብለውሻል። ሲስተር እሌኒም እንዲሁ።

ደብዳቤውን እየጻፍሁ እማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለሩፋይዳ ነው አልኋት። ምን ልበልልሽ ብላት ጥቂት አሰበችና፣ «ሰላም በያት። ልጇን አላህ ያሳድግላት። ጣቴን የምትወጋኝ ሰልሚያ ናት፣ አያመኝም በያት» አለች። እንዳለችው ጻፍሁት።

እህትሽ ሰልሚያ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2005 ዓ.ም.