ጋሼ ታች፣ ብርጭቆ ላይ

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ዛሬም እንደ ወትሮው... ደረጃ መውጣት፣ ደረጃ መውረድ። ጋሼ ከታች የመስኮት ፍሬም እየቆረጠ፣ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ወርዱ ስድሳ ሁለት ነው" አለኝ። ወጣሁ። "ያ ሰውዬ" የገዛ ወንድሙ ነው። የእኔም፤ ጋሼ ታላቃችን ነው። ያኛውን ከልጅነቱ ቶሎ ስለሚከፋው ብርጭቆ እንለዋለን፤ ሥራውም መስታወት መቁረጥ ሆኖ አረፈው። "በይው፣ ስድሳ ሁለት ከነጎማው ነው ወይስ ያለ ጎማው?" ወረድኩ። "ያለ ጎማው በይው!" ወጣሁ...

የተኳረፉት በአንድ የሱቅ መስኮት ነው። መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ አለ። አንተ ነህ የተሳሳትከው፣ የለም አንተ ነህ... ይኸው ሦስት ዓመት። መስኮቱ ተገጥሞ ከተረሳ ቆየ።

ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ነው ደረጃውን የሚወጣው። ልወልድ ምን ቀረኝ? ያኔ ማን ይመላለስላቸው?

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

ብርጭቆ ዛሬ ቀስ ብሎ፣ "አንቺ ስትወልጂ እኔ ለሥራዬ ሌላ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ። ቤቱንም አይቻለሁ" አለኝ። አባዬ ያቋቋመው ሱቅ እኮ ነው! ለእማዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ባሌ፣ "አርፈሽ ቤት ተቀመጪ" ይላል። እሱ ምን አለበት።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

የኢንተርኔት ስልክ ገባልን! ሐሳቡ የእኔ ነው። ደረጃ ላይ ሆኜ ስንት ደንበኛ ደውሎ ደውሎ ተስፋ ቆርጧል።

ቴክኒሻኗ ማስቲካ እያኘከች የምትሠራ ቀልጣፋ ልጅ ናት። "ቁጥሩ አንድ ነው፣ ስልኩ ግን ታችም ላይም ይጮኻል። ሞባይልሽም ላይ ይገባል። ቤትሽ ተኝተሽ የሱቁን ስልክ ማንሳት ትችያለሽ።" ተኝቼ! ልሳማት ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ጋሼን፣ "እርስዎ ካላነሱ ወደ ማን ይለፍ?" አለችው።

"ወደ እሷ።"

"እሷም ካላነሳችስ?"

ጋሼ ፍሬሙን ማገላበጥ ያዘ። ላይ ወጥታ ብርጭቆን ጠየቀችው። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ወደ እኔ ዞራ፣ "እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም እንዴ?"

"ወንድማማቾች ናቸው።"

"እህ! በቃ ገባኝ።" በሳቅ ፈረስን።

መጋቢት 11፣ ማክሰኞ

ደረጃው ቀረ፣ "በይው" ግን አልቀረም። ጋሼ ይደውልልኛል፣ እኔ ላይ እደውላለሁ፣ ከላይ ይመልሳል፣ እኔ ታች እደውላለሁ... እግሬ አረፈ፣ ጆሮዬ ነደደ።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

ወይ ጉድ! ዛሬስ ሳልጽፍ አልተኛም።

ሦስት ሰው በአንድ መስመር የሚያገናኝ ቁልፍ አለ። ጋሼ ስለ አንድ ዳቦ ቤት በር ሲደውል ሰልችቶኝ ተጫንኩትና ብርጭቆን አስገባሁት። እርስ በርስ ይሰማማሉ። ግን የሚያወሩት ለእኔ!

"በይው፣ መስታወቱ ስምንት ሚሊ ይሁን።"

"በይው፣ ስምንት ለበር አይሆንም። አሥር ነው።"

"በይው፣ አሥር ከሆነ ማጠፊያው አይችለውም።"

"በይው፣ ሦስተኛ ማጠፊያ ይጨምርበታ!"

እኔ ምን ልበል? ሳቄን አፍኜ አፍኜ... ሽንቴ መጣ። በዚህ ሆድ ደግሞ ቀጠሮ የለም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ እየተንደረደርኩ ሄድኩ። ተመልሼ ጆሮዬ ላይ ባደርገው...

"ሦስተኛውን መሀል ላይ ላድርገው?"

"የለም፣ ወደ ላይ ጠጋ አድርገው። ከላይ ነው የሚጎትተው።"

"እሱስ ልክ ነህ።"

ልክ ነህ! ጋሼ፣ ለብርጭቆ! ትንፋሼን ዋጥኩ። ያ እርጉም ወንበር ሲጥ አለብኝ።

"አለሽ እንዴ?" አለ ጋሼ።

"አለሁ፣ አለሁ።" ምነው ምላሴን በቆረጠው!

"በቃ በይው፣ እንደዚያው ይሁን።" ጠረቀመው።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ለካ እኔ ነኝ። እኔ ስላለሁ ነው የማይነጋገሩት።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

ሁለቱንም በየተራ ነገርኳቸው። ከነገ ጀምሮ ቤቴ ነኝ። የደንበኛ ስልክ በሞባይሌ አነሳለሁ፣ ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ። "በይው" ግን አልቀበልም። "እርስ በርስ መደዋወያው ይኸውና፣ አንድ ቁልፍ ነው። እኔ የዚህ ቤት ደረጃ አይደለሁም!"

ጋሼ፣ "ልብ ልብ አላት እንዴ!" ብሎ ማሽኑን አስነሳ። ብርጭቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አበላሽቼው ይሆን?

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

በሌሊት ልብሴ፣ ትራስ ተደግፌ፣ "ደህና ዋሉ፣ የበርና መስኮት ሥራ ነው፤ ምን ልታዘዝ?" እላለሁ። ባሌ ይሞታል በሳቅ።

ጋሼ ደወለ። "ስሚ፣ በይ..." ብሎ ጀመረና ተወው። "እንዴት ነሽ ልልሽ ነው" አለ። ሰውዬው መቼ ነው እንዴት ነሽ ሲለኝ የኖረው?

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ብርጭቆን ስለሚከራየው ቤት ጠየቅኩት። "ቆይ እስቲ" አለኝ። ቆይ እስቲ! የደስ ደስ ብዬ አንድ ሙሉ ፓፓያ በላሁ።

መጋቢት 28፣ ዓርብ

ወለድኩ! ሴት ናት። ጠዋት መጣች፣ ከነሙሉ ጩኸቷ። እንዴት ታምራለች፣ ኧረ እንዴት!

ባሌ "ሱቅ ልደውልላቸው?" ቢለኝ፣ "ንካውና እንጣላለን! እኔ ነኝ የምነግራቸው" አልኩት። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ተይዟል። ብርጭቆ ጋ። ተይዟል። "ከደንበኛ ጋር ይሆናሉ" አለ ባሌ። ሞባይሌ ላይ የሱቁን መስመሮች ከፍቼ አየሁ። ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይጽፋል። ታች ከላይ ጋር። ሌላ ሰው የለም።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ነርሷ ደንግጣ፣ "ምነው፣ አመመሽ?"

"የለም፣ ስልክ ተይዞብኝ ነው።"

"ይሄ ያስለቅሳል?"

"በጣም!"

ባሌ ሰዓቱን አየ። "ምን ይሆን ይህን ሁሉ የሚያወሩት? አቋርጠሽ ግቢባቸው እንጂ፣ ትችያለሽ አይደል?"

ልጄን ደረቴ ላይ አስተካከልኳት።

"ተዋቸው፣ ያውሩ። እሷ እንደሆነች የትም አትሄድባቸውም።"